ጭኜው አልሄድ ያለኝ ፕሮግራም

ምንም የማያውቅ ሰው ማንንም አይጎዳም። ሲጠሩት ይመጣል፣ ሲያሳዩት ያያል፣ ሲሸኙት ይሄዳል። አገር የሚያምሰው ትንሽ የሚያውቅ ሰው ነው። ሰው እያማሁ እንዳይመስላችሁ... ስለ ራሴ ነው የማወራው።

ትርንጎ እባላለሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ባለፈው ግንቦት ለመምህራን የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ሥልጠና ይሰጣል ተባለና ከትምህርት ቤታችን ዕጣው ለእኔ ወጣ። ሥልጠናው ዐሥር ቀን ነበር። በዐሥር ቀን ጠላ እንኳ በቅጡ አይደርስም። እኔ ግን ደርሼ ተመለስኩ። አረማመዴ ሳይቀር ተለወጠ። ባልደረቦቼ እንዴት ነበር ሲሉኝ፣ ሎጂኩን ከያዛችሁት ቀላል ነው እያልኩ አልፍ ጀመር። ሎጂኩ ምን እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው ባለመኖሩ እስከ ዛሬ ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

ሰኔ ገባና ፈተናው አለቀ። የመምህርነትን ቤት የማታውቁ ካላችሁ፣ ከፈተና በኋላ ሮስተር የሚባል መከራ አለ። ሰፊ ወረቀት ነው። ስድሳ የሚጠጋ ተማሪ ስም ወደ ታች ይወርዳል፣ የዐሥራ ሁለት ትምህርት ውጤት ወደ ጎን ይሄዳል። ከዚያ ድምሩ፣ አማካዩ፣ ደረጃው ይወጣል። እያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ መምህር ካልኩሌተሩን ታቅፎ ሳምንት ሙሉ ሲደምር ይከርማል። አንዲት ቁጥር ከተሳሳተ ልጁ ካልተጣላ እናቱ ትጣላለች።

ከመምህራን ክፍል ቁጭ ብለን ሁሉም በሮስተር ሲያማርር፣ እኔ ሻዬን እየማሰልኩ፣ ይሄን እኮ ፕሮግራም ቢጻፍለት በአንድ ደቂቃ ያልቃል አልኩ። እንዲሁ ለወሬ ያህል ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ዐሥራ ስድስት መምህራን ካልኩሌተራቸውን አስቀመጡ። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል፤ እንደ ሊቅ አዩኝ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ማሩ በምንም ነገር ሲደሰቱ ታይተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ሸጋ ሐሳብ ነው ብለው ጨበጡኝ። ከዚያም ሮስተሩን መምህርት ትርንጎ በፕሮግራም ትሠራዋለች፣ ካርዱ በሚቀጥለው ዓርብ በወላጆች ቀን ይሰጣል፣ ማንም በእጁ እየደመረ ጊዜ እንዳያባክን ሲሉ አወጁ። በማግሥቱ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የዐሥራ ስድስት ክፍል ማርክ ሊስት ተከምሯል። ከጀርባው የተቀመጠ ሰው አይታይም ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። በሥልጠናው ላይ በተጠቀምንባቸው ኮምፒውተሮች ፕሮግራም መጻፊያው ቀድሞ ተጭኖ ነው የጠበቀን። ወጡን በላን እንጂ ዶሮዋን ማን እንዳረዳት አልጠየቅንም። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ምንም አልነበረም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ማራኪ ሰፈር ካለው ቤታችን ሳሎን ተቀምጬ ከኢንተርኔት ማውረድ ጀመርኩ። ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራቱ ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ይመጣል፣ እንደገና ይሄዳል... ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ወርዶ አለቀ። ጫንኩት። ኮምፒውተሩም በትክክል ተጭኗል፣ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ። ባሌን ደሳለኝን ጠርቼ አሳየሁት። እሱም እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ከዚያ ልከፍተው ተጫንኩት።

ባላገር ጫንኩ ካለ አህያዋ ልትሄድ ነው ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ ማለት ግን አህያዋ ተኛች ማለት ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ተማርኩ። አንዲት ትንሽ ክብ ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች፣ ጠፋች። በቦታዋ ቀይ መስቀል የተሠመረበት ግራጫ ሳጥን መጣ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ረጅም መልእክት ባጭሩ መንገዱን ማግኘት አልቻልኩም ይላል።

ደሳለኝ ምን ነካሽበት አለኝ። ባል ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ምንም አልነካሁም አልኩት። አጥፍተሽ አብሪው አለኝ። ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነው። በሽተኛውንም እንዲህ ነው ወይ የምታክሙት ብዬ ብጠይቀው፣ አንዳንዱ እንቅልፍ ይሻለዋል ብሎ መለሰልኝ። አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። መጻፊያውን አውጥቼ ጣልኩትና እንደገና ጫንኩት። እንኳን ደስ አለዎት አለኝና እንደገና መንገዱ ጠፋው። ለሦስተኛ ጊዜ ጫንኩት። በሕይወቴ እንደዚያ እሁድ ደጋግመው እንኳን ደስ አለሽ ብለውኝ አያውቁም፤ ሠርጌን ጨምሮ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ሁሉም ፕሮግራሙ እንዴት ሆነ ይለኛል። እየተጠናቀቀ ነው አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ እኔ እየተጠናቀቅሁ ነበር።

ማክሰኞ የኮምፒውተር መምህራችንን ሙላትን ቤት ድረስ እንዲመጣልኝ ለመንኩት። ሥልጠናው ለእሱ ሳይደርስ ለእኔ በመድረሱ ትንሽ ቅር ብሎታል፤ ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ መጣ። ቃሉን ሳያነብ ሳጥኑን ዘጋው። ጥፋቱ የጸረ ቫይረሱ ነው ብሎ ጸረ ቫይረሱን አወጣው። አልሆነም። ራሙ አንሶ ነው አለ። ቀጥሎ የዊንዶውሱ ዕድሜ ነው አለ። አንዱን ሲነካ ሌላው እየተነካ ሄደና በመጨረሻ የማውሱ ቀስት ራሷ ከስክሪኑ ጠፋች። እሷን ፈልገን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብን። ሲነሣ፣ ችግሩ የሲስተም ነው አለኝ። በእኛ አገር ይህች ቃል ከተነገረች ወዲያ ጥያቄ የለም። የትም ቢሮ ሂዱ፣ ሲስተም ከተባላችሁ ዣንጥላችሁን ይዛችሁ መውጣት ነው።

ረቡዕ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ፒያሳ ወዳለ አንድ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ጎልማሳ አንገቱን ሳያቀና "ፎርማት" አለኝ። ሕመሙን ገና አልነገርኩህም እኮ አልኩት። ለማንኛውም ፎርማት ነው አለኝ። ለኮምፒውተር ፎርማት ማለት ለሰው ጠበል እንደ መጠመቅ መሆኑ ነው። ልዩነቱ፣ ከጠበል የወጣ ሰው የልጆቹን ስም አይረሳም። ይሄ ግን ያለውን ሁሉ ይረሳል። እኔ ደግሞ መጻፊያው አልከፈት ቢለኝ እጄን አጣምሬ አልተቀመጥኩም፤ የዐሥራ አንድ ክፍል ውጤት ላፕቶፑ ላይ ባለው ሠንጠረዥ መዝግቤ ጨርሻለሁ። ያንን ሁሉ ላስጠምቅ? አቅፌው በሚኒባስ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ጥያቄ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ውጤቱ ሠንጠረዥ ላይ ከገባ፣ ያው ሠንጠረዥ ራሱ አይደምርም ወይ? ይደምራል። አማካይም ያወጣል። ደረጃም ይሰጣል። ሙላት ማክሰኞ ዕለት ይህንኑ ነግሮኝ ነበር። ነገር ግን ወገኖቼ፣ ሠንጠረዥ ማንም ያውቃል። እኔ በዐሥራ ስድስት ሰው ፊት የፎከርኩት በፕሮግራም ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው ነገሩ። ገመዱን ልበጥሰው እንጂ ልፈታው አልፈለግሁም።

ረቡዕ ከሰዓት አቶ ማሩ ራሳቸው ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። ምን ቀረው ሲሉኝ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ቀለሙ ብቻ ነው የቀረው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና አረንጓዴ ባይሆን ይሻላል፣ ወላጆች ሰማያዊ ይወዳሉ፣ ሰማያዊውም የሰኔ ሰማይ ሳይሆን የመስከረም ሰማይ ይሁን አሉ። ማስታወሻ አውጥቼ ጻፍኩት። በዚያ ሳምንት ከሠራሁት ኀጢአት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ማስታወሻ ነው። የመስከረም ሰማይ ብዬ ከሥሩ አሠመርኩበት።

ሐሙስ የመጨረሻውን ክፍል መዝግቤ ጨረስኩና፣ ነገ ጠዋት ተነሥቼ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ከምሳ በኋላ ሳሎናችን ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቼ ያንን ግራጫ ሳጥን እያየሁ እንባዬ መጣ።

ቤታችን እንግዳ አለ። የደሳለኝ አባት፣ አማቼ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። ትክል ድንጋይ ከተማ አጠገብ ካለች አንዲት ደብር አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ፣ የተማሪ ጽሕፈት ያረሙ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበርና ለመገፈፍ ነው የመጡት። ፋሻው ከተፈታላቸው አራተኛ ቀናቸው ነበር። ስድስት ዓመት ያላነበበ ሊቅ ዓይኑ ሲከፈት ምን እንደሚያደርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያገኘውን ሁሉ ያነባል። የሳሙናውን መጠቅለያ፣ የዘይቱን ጀሪካን፣ የመድኃኒቱን ካርቶን። ከሆስፒታል ስናመጣቸው በመኪናው መስኮት የሱቅ ታፔላ ሲያነቡ መጥተው፣ እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ እየተደባለቁ ሲያዩ፣ ዓይኔ ሲድን ራሴን አመመኝ ብለው ነበር።

አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ማልቀሴን ያላዩ መስለው ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አሉ።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

"መንገዱን ማግኘት አልቻልኩም ነው የሚለው፣ አባባ።"

"የት ሊሄድ ነበር?"

ከእሁድ ጀምሮ እኔም፣ ባሌም፣ ሙላትም፣ የፒያሳው ጠጋኝም ምን ነካው ስንል ቆየን እንጂ የት ሊሄድ ነበር ያለ ሰው አልነበረም።

"መንገድ ከጠፋው ምነው አይጠይቅም?" አሉና ይበልጥ ተጠጉ። ጣታቸውን በእንግሊዝኛው መስመር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በቀስታ እየጎተቱ ሄዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። "ይኸው እየጠየቀ ነው እኮ።"

ጣታቸው ያረፈበት ቦታ አራት የጥያቄ ምልክቶች ተደርድረዋል። አምስት ቀን ሙሉ አይቻቸዋለሁ። እሱ የኮምፒውተር ነገር ነው አባባ አልኳቸው። ሽማግሌን በአክብሮት ዝም ማሰኘት ሲፈለግ የሚባል ነው። መሪጌታ ግን ዝም የሚሉ አይደሉም። እንግሊዝኛውን አላውቀውም፣ ጽሕፈት ግን አውቃለሁ አሉኝ። አንድ ጸሐፊ ከአሮጌ ብራና ሲገለብጥ ሊያነበው ያልቻለው ፊደል ካጋጠመው በልቡ ፈጥሮ አይጽፍም፤ ስንት ፊደል እንደሆነ ቆጥሮ ቦታውን ይተዋል። ይሄም የእናንተ ጸሐፊ አራት ፊደል አቅቶታል፤ ቦታውን ትቷል፤ ታማኝ ነው አሉ።

ከዚያ በፊት ያለው ቃል ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ተጠቃሚዎች ይላል አልኳቸው።

"እንግዲህ ሰው ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነው። በዚህ ዕቃ የሚጠቀመው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ ቆጠሩ። "ት... ር... ን... ጎ።" አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ላፕቶፑን ስገዛ ኮምፒውተሩ ስምሽን አስገቢ ብሎኝ ነበር። የአማርኛ መጻፊያ ያስገባሁበት ሰሞን ነበርና በኩራት ትርንጎ ብዬ በገዛ ፊደላችን ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ ችግር አልነበረበትም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ትርንጎ ብሎ ሲቀበለኝ ኖረ። አዲሱ መጻፊያ ግን ፊደላችንን አያውቅም። ዕቃውን የሚያስቀምጠው ደግሞ በእኔ ስም በተሰየመው ማኅደር ውስጥ ነው። ደጃፌ ላይ ይደርሳል፣ ስሜን ማንበብ ያቅተዋል፣ ይመለሳል። ፎርማት ተደርጎም ቢሆን በዚያው ኩራት ትርንጎ ብዬ እጽፍ ነበርና ያው ነበርን።

ታዲያ ስሜን ላጥፋው ስል መሪጌታ ተቆጡ። ክርስትና ስም ባይሆንም ስም ነው አሉ። ስሙን ሳይሆን ልብሱን ቀይሪለት አሉኝ። በዚያው ላፕቶፕ ላይ ሌላ የተጠቃሚ ስም ከፈትኩና ትርንጎን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኳት። እሳቸው ይህን አላለፉትም። እኛ የእሱን ሃያ ስድስት ፊደል ተምረንለት እሱ የእኛን አራት አለማወቁ ነውር ነው ብለው አጉረመረሙ። እኔ ለአራተኛ ጊዜ ጫንኩት። እንኳን ደስ አለዎት አለኝ። በአንድ ዓይኔ እያየሁ ተጫንኩት። ክቧ ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች... ተከፈተ።

ወንበሩ ላይ እንዳለሁ መሪጌታን ጉልበታቸውን ሳምኳቸው። እግዚአብሔር ይባርክሽ ብለው ላፕቶፑ የመጣበትን ካርቶን ለማንበብ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ፕሮግራሙን ጻፍኩ። በመጀመሪያው ሙከራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ተማሪዎች በሙሉ አንደኛ ወጡ። ለአንድ አፍታ የአገራችን የትምህርት ችግር ተፈቶ ነበር። አንዲት ምልክት ገልብጬ ጽፌ ኖሯል፤ አረምኳት። ፀሐይ ሳትጠልቅ የዐሥራ ስድስቱም ክፍል ሮስተር ተሠርቶ አለቀ። ራስጌው ላይ የመስከረም ሰማይ ቀባሁለት።

ዓርብ ጠዋት አሳትሜ ይዤ ገባሁ። መምህራኑ በመምህራን ክፍል ሞልተዋል። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ማንም አላጨበጨበም። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ የባዮሎጂዋ መምህርት አንገቷን ደፍታ መሳቢያዋን ከፈተችና አንድ ሮስተር አወጣች። በእጅ የተሠራ፣ የተደመረ፣ የተፈረመበት። ቀጥሎ ያለው መምህርም የራሱን አወጣ። ከቦርሳ የሚያወጣ አለ፣ ከጋዜጣ መሐል የሚያወጣ አለ። ዐሥራ ስድስቱም ወጡ። ለካስ ሁሉም ከሰኞ ጀምሮ የማርክ ሊስታቸውን ቅጂ ይዘው ቤታቸው ውስጥ በካልኩሌተር ሲደምሩ ሰንብተዋል። ያዘዟቸውም አቶ ማሩ ናቸው። ሰኞ ዕለት አንድ በአንድ እየጠሩ፣ "ለማንኛውም በእጃችሁም ያዙት፤ እሷ ግን እንዳትሰማ፣ ይከፋታል" ብለዋቸዋል። እኚያው አቶ ማሩ ናቸው እንግዲህ ረቡዕ ላይ ቆመው ቀለም የመረጡልኝ።

ተናደድኩ ብል አይግረማችሁ። አምስት ቀን እኔ እነሱን ስዋሽ እነሱ እኔን ሲዋሹኝ ነበር፤ እነሱ ግን ይበልጡኛል፣ ዐሥራ ስድስት ሆነው ነው። ቢሆንም ወረቀት ከወረቀት ይተያይ ተባለ። ዐሥራ አምስቱ ክፍል ልክ ለልክ ገጠመ። በአንዱ፣ በዘጠነኛ ለ፣ አንዲት ልጅ እኔ ዘንድ ሦስተኛ ናት፣ በእጅ በተሠራው ስድስተኛ። ተፈልጎ ተፈልጎ የስፖርት ውጤቷ ሳይደመር የቀረ ሆኖ ተገኘ። የክፍሉ ኃላፊ ሙላት ነበር። ሠንጠረዡ ራሱ ይደምራል ብሎ ለእኔ የነገረኝን እሱ ራሱ ትቶ በካልኩሌተር ደምሮት ኖሯል። ምነው ብዬ ብጠይቀው፣ ኮምፒውተሩን ብዙም አላምነውም አለኝ።

የልጅቷ እናት ከሳንጃ ተነሥታ በመጀመሪያው መኪና ነበር የመጣችው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ሲጠሩ ልጇ ወደ መድረክ ስትወጣ አየሁ። ሴትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። እኔም ዓይኔን ወደ ሰማያዊው ወረቀት መለስኩ።

ያን ዕለት ማታ ነገሩን ደጋግሜ አሰብኩትና አንድ ነገር ገባኝ። እናንተም ያዙት። የሚያምኑን ሰዎች ያበረታቱናል፤ የማያምኑን ግን ሥራውን ይሠሩልናል።